ጋዜጠኝነት በዳታቤዝና በኮድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ከመሥሪያ ቤት ፒዲኤፍ፣ ከአማርኛ ስምና ከኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ጋር ለሚታገል ዘጋቢ የተዘጋጀ ነው። በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ሞልተዋል፤ ጳጉሜንንና «ገ/መድኅን»ን ግን አያውቋቸውም። ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪኮች ዓመት እ.አ.አ. ነው፤ የኢትዮጵያ ጉዳዮችና አዋጆች ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሰው ማነጋገሩ አይበቃም? መዝገብ ምን ይጨምራል?

ሰው የደረሰበትን ይነግርዎታል። ስንት ሰው ላይ እንደደረሰ የሚነግርዎ መዝገብ ነው።

በአሜሪካ የሚታተመው የአትላንታ ጋዜጣ እ.አ.አ. በ1988 ያወጣውን ተከታታይ ዘገባ እንውሰድ። ባንኮች ለጥቁሮች የቤት ብድር ይነፍጋሉ የሚለው አቤቱታ የቆየ ነው፤ «ልዩነቱ ከገቢ ነው» የሚለው መልስም እንዲሁ። ዘጋቢው ቢል ዴድማን ባንኮች በሕግ ተገደው ለመንግሥት የሚያስገቡትን የብድር መዝገብ በየሰፈሩ ካለው የነዋሪዎች ገቢ ጋር አገናኘው። ገቢያቸው እኩል ሆኖ ሳለ ነጮቹ ከጥቁሮቹ አምስት እጥፍ ብድር ያገኙ ነበር። ዘገባው በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር ተሸለመ።

ሌላው የማያሚ ነው። በ1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን ካወደመ በኋላ ማያሚ ሄራልድ የጉዳት ምርመራ መዝገቡን ከቤቶቹ የግብር መዝገብ ጋር አጋጠመ። የግብር መዝገቡ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት ይዟል። ውጤቱ ብዙዎች ከገመቱት የተለየ ሆነ፦ ይበልጥ የተጎዱት አዳዲሶቹ ቤቶች ነበሩ። የግንባታ ደንቡና ቁጥጥሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ላልቶ ነበር።

በሁለቱም ታሪክ ውስጥ የተሰረቀ ሰነድ የለም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ለየራሳቸው ጉዳይ የያዟቸው ሁለት መዝገቦች ነበሩ፤ ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ግን አልነበረም። ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ስለዚህ ማገናኘት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ማገናኘቱ ለምን እንደሚከሽፍ።

አዲስ ፋሽን ነው እንዴ?

አይደለም። የአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዩኒቫክ በተባለ ኮምፒውተር የምርጫ ውጤት የተነበየው በ1952 ነው። ጋዜጠኛው ፊሊፕ ማየር ከአሜሪካዋ ከተማ ዲትሮይት የ1967 ብጥብጥ በኋላ የነዋሪዎችን መጠይቅ በኮምፒውተር ተንትኖ «ያልተማረው ነው የረበሸው» የሚለውን ግምት ውድቅ አድርጓል። ዛሬ የዓለም ፕሮግራመሮች ድረ ገጽ የሚሠሩበት ጃንጎ እንኳ የተወለደው በካንሳስ፣ ሎውረንስ በምትባል ከተማ ጋዜጣ ቢሮ ውስጥ ነው።

ዳታቤዝ ከኤክሴል በምን ይለያል?

የዕድር ጸሐፊን ያስቡ። አንደኛው መዝገቡ የአባላት ነው፦ የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ቀጠና፣ የገባበት ቀን። ሁለተኛው የመዋጮ ነው፦ የአባል ቁጥር፣ ወር፣ የተከፈለ ብር። በየወሩ ስሙንና ቀጠናውን ደግሞ አይጽፍም፤ ቁጥሩ ያገናኛቸዋል። ዳታቤዝ ማለት ይኸው ነው። ቁጥሩ «ቁልፍ» ይባላል፣ ሁለቱን መዝገብ ማገናኘቱ «ጆይን»።

እዚህ ላይ ረጋ ይበሉ፤ የሚበዛው ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው። «ኢነር ጆይን» የሚባለው በሁለቱም መዝገብ ያሉትን ብቻ ያስቀራል። መዋጮ ያልከፈለ አባል በመዋጮ መዝገብ ስለሌለ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። የእርስዎ ጥያቄ «እነማን አልከፈሉም?» ከሆነ ዜናውን ራሱን ጣሉት ማለት ነው። «ሌፍት ጆይን» ግን አባላቱን ሁሉ ይይዝና ያልከፈለውን ባዶ አድርጎ ያሳያል። ተቃራኒው ችግርም አለ፦ አንድ አባል በስህተት ሁለቴ ከተመዘገበ መዋጮው በሁለቱም ረድፍ ላይ ይለጠፍና ድምሩ ያብጣል። ስለዚህ ከማገናኘትዎ በፊትና በኋላ የረድፉን ብዛትና የብሩን ድምር ይጻፉ። ከተለወጡ ምክንያቱን ሳያገኙ አይለፉ።

ኤክሴል ሌላም ገደብ አለበት። አንድ ሉህ 1,048,576 ረድፍ ይይዛል፤ የድሮው ዓይነት ፋይል ደግሞ 65,536 ብቻ። በ2020 የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣን የኮቪድ ውጤቶችን በዚያ በድሮው ዓይነት ፋይል ሲቀበል ሞልቶ የፈሰሰው ተቆረጠ፤ 15,841 በሽተኞች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ ሆኑ።

ኮድ መጻፍ የግድ ነው?

ለመጀመሪያው ዘገባ አይደለም። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሠንጠረዥን በደንብ ማወቅ፤ መደርደር፣ ማጣራት፣ ፒቮት ቴብል (ረድፎችን በየምድባቸው ቆጥሮና ደምሮ የሚያሳይ መሣሪያ)። ይህ ብቻ የዓመት ዘገባ ይወጣዋል። ቀጥሎ ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፤ ኤስኪውላይት የሚባለው ነጻ ዳታቤዝ አንድ ፋይል ስለሆነ አገልጋይ ማሽንም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ስድስት ትእዛዞች ብቻ፣ ማለትም ሴሌክት፣ ፍሮም፣ ዌር፣ ግሩፕ ባይ፣ ኦርደር ባይና ጆይን፣ የሥራውን ትልቁን ክፍል ይሸፍናሉ። ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ሦስተኛ ነው። ከእሱ መጀመር ብዙዎችን ያሰለቻል፤ ለዘገባ የሚጠቅም ነገር እስኪያገኙ ወራት ያልፋሉና።

ኮድ የሚያስፈልግዎት ሦስት ምልክቶች ሲታዩ ነው፦ ያንኑ ሥራ በየወሩ የሚደግሙ ከሆነ፣ ፋይሎቹ ከሃምሳ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አርታኢው «እዚህ ቁጥር ላይ እንዴት ደረስክ?» ሲል መልሱ የማይታወስዎ ከሆነ። ሦስተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። በመዳፊት የተሠራ ነገር ዱካ አይተውም፤ ኮድ ይተዋል።

ምን ዓይነት ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

8 ጊጋባይት ራም ያለው ማንኛውም ላፕቶፕ ይበቃል። ኢንተርኔቱም መብራቱም የሚቆራረጥበት ቦታ ከሆነ ፕሮግራሞቹን በሙሉ ማሽንዎ ላይ ይጫኑ፤ በአሳሽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ላይ አይደገፉ።

ፋይሉን ስከፍተው አማርኛው ፈራርሶ የሚታየው ለምንድን ነው?

ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

አንደኛው፦ ፋይሉ ደህና ነው፣ ኤክሴል ግን በተሳሳተ ኮድ አንብቦታል። የሲኤስቪ ፋይልን (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ሁለቴ ጠቅ አድርገው አይክፈቱ። ባዶ ሉህ ከፍተው «ዳታ» ከሚለው ምናሌ ከጽሑፍ ወይም ከሲኤስቪ ማስገቢያውን ይምረጡ፤ የፋይሉ ኮድ በሚጠየቅበት ቦታ ላይ 65001 ዩቲኤፍ-8ን ያድርጉ። ሲያስቀምጡም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጡ ፊደሉ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ፋይሉ ከተዘጋ በኋላ አይመለስም።

ሁለተኛው፦ ሰነዱ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 እ.አ.አ. ነው። ከዚያ በፊት (በብዙ ቢሮ ከዚያም በኋላ) ፎንቶቹ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ መልክ ይለጥፉ ነበር። ገጹ ላይ «ወረዳ» ይታያል፤ ገልብጠው ሲለጥፉት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይወጣል። የፎንቱን ስም ካወቁ መቀየሪያ ይፈልጉለት። ካላወቁ ገጹን ወደ ምስል ቀይረው በፊደል ለቃሚ፣ ማለትም ምስልን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ፕሮግራም (ኦሲአር)፣ ማንበብ ይቀላል።

መሥሪያ ቤቱ የሰጠኝ ፒዲኤፍ ነው። ቁጥሩን እንዴት አወጣዋለሁ?

መጀመሪያ በመዳፊት አንድ ቃል ለመምረጥ ይሞክሩ። ከተመረጠ ጽሑፍ አለው፤ ታቡላ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ሠንጠረዡን ያወጣልዎታል። ካልተመረጠ ፎቶ ነው፤ ፊደል ለቃሚ ያስፈልጋል።

ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፊደል ለቃሚ አማርኛ ያውቃል። ገጹ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይቃኝ፤ ከዚያ ካነሰ «ለ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ጰ» ይምታቱበታል። የመሥሪያ ቤት ሰነድ አማርኛና እንግሊዝኛ ስለሚቀላቅል ሁለቱንም ቋንቋ አብረው ይስጡት። ማኅተም የወደቀበትን ሴል ግን ምንም መሣሪያ አያነበውም፤ እሱን በዓይን ይዩት።

ከፊደሉ ይልቅ የሚያስፈራው አኃዙ ነው። 1 እና 7፣ 3 እና 8 ይለዋወጣሉ፤ 1,250 የነበረው 1.250 ሆኖ ይወጣል። ማጣሪያው ሰነዱ ውስጥ አለ፦ እያንዳንዱን ዓምድ ደምረው ከታተመው ድምር ጋር ያስተያዩ፤ ረድፉንም እንዲሁ። ሁለት ስህተቶች ተካክሰው ዓምዱን ትክክል ሊያስመስሉት ይችላሉ፤ ሁለቱንም አቅጣጫ ማለፍ ግን ይከብዳቸዋል። የታተመው ድምር ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ አይደንግጡ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አንዳንዴ ዘገባው እዚያው ነው።

ሠንጠረዡ ከ200 ረድፍ ካነሰ ሁለት ሰው ለየብቻው በእጅ ጽፎ ማስተያየት ከማንኛውም ፕሮግራም ይፈጥናል።

ሠንጠረዡ እጄ ገባ። ከየት ልጀምር?

ከቅጂ። የመጣልዎትን ፋይል የደረሰበትን ቀን ስሙ ላይ ጽፈው ያስቀምጡና ዳግመኛ አይንኩት። ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን።

ከዚያ የተዋሃዱ ሴሎችን ይፈልጉ። የኛ ሰንጠረዦች ዞኑን አንዴ ጽፈው ከሥሩ ያሉትን አሥር ወረዳዎች ባዶ ይተዋሉ። ባዶውን ሁሉ በላይኛው ስም ሳይሞሉ ከደረደሩ የትኛው ወረዳ የየትኛው ዞን እንደነበር ለዘላለም ጠፋ። መጀመሪያ መሙላት፣ ከዚያ መደርደር።

ቀጥሎ «ድምር» የሚለውን ረድፍ ያውጡ። እሱን ጨምሮ የሚደምር ሰው እጥፉን ያገኛል። የዞን ንዑስ ድምርም ካለበት ሦስት እጥፍ። አንድ ቁጥር ከጠበቁት ልክ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ሲበልጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የመለኪያውን ራስጌ ያንብቡ። «በሺህ ብር» የሚል ጽሑፍ በገጹ ቀኝ ጥግ በትንሹ ተጽፎ ይቀርና 4,500 የሚለው 4 ነጥብ 5 ሚሊዮን መሆኑ ይዘነጋል። እህል በኩንታል ከሆነ 100 ኪሎ ነው፤ ሌላው ዓምድ በቶን ሊሆን ይችላል።

ባዶ፣ ዜሮና ሰረዝ አንድ አይደሉም። ዜሮ «ተቆጥሮ አልተገኘም» ነው፣ ባዶ «ሪፖርት አልመጣም» ሊሆን ይችላል፣ ሰረዝ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ፈቃድ። ደውለው ይጠይቁ። ሪፖርት ያላደረገን ወረዳ «ምንም ወንጀል ያልተፈጸመበት» ብሎ መጻፍ ቀላል የሆነውን ያህል አሳፋሪም ነው።

የኢትዮጵያ ቀን ለምን ችግር ይፈጥራል?

ኤክሴል የሚያውቀው የጎርጎርዮሱን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፤ ይባስ ብሎ አለማወቁን አይናገርም። ማሽኑ ቀንን ከወር በሚያስቀድም አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ፣ 12/02/2016 ብለው ጥቅምት 12ን ሲያስገቡ ዝም ብሎ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12 ያደርገዋል። 30/02/2016 ሲመጣ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ዓምዱ እኩሌታው ቀን፣ እኩሌታው ጽሑፍ ይሆናል። ወደ ቀኝ የተጠጋው ቀን፣ ወደ ግራ የተጠጋው ጽሑፍ መሆኑን ሲያዩ ይህ እንደደረሰ ይወቁ። ማሽኑ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ጳጉሜን 5፣ ማለትም 05/13፣ ሜይ 13 ይሆናል።

መፍትሔው ዓምዱን ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ ማስገባት፣ ቀን፣ ወርና ዓመት ብሎ በሦስት ዓምድ መለየት፣ ከዚያ በፓይተን መቀየሪያ አራተኛ ዓምድ ማውጣት ነው። መቀየሪያውን ሳያምኑ በፊት በነዚህ ይፈትኑት፦ ሐምሌ 1 ቀን 2015 ጁላይ 8 ቀን 2023 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ብዙዎቹ የሚወድቁት ጳጉሜን 6 ላይ ነው። ከጎርጎርዮሱ ዓመት «8 ቀንስ» የሚለው አቋራጭም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ያሳስታል፤ ያኔ ልዩነቱ 7 ነው።

የበጀት ዓመቱም አለ። 2016 በጀት ዓመት ከጁላይ 8 ቀን 2023 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። የኢትዮጵያን የቡና ኤክስፖርት ገዢው አገር ካስመዘገበው ጋር ማስተያየት ጥሩ የምርመራ መንገድ ነው፤ ነገር ግን የኛ ቁጥር በበጀት ዓመት፣ የእነሱ በጎርጎርዮስ ዓመት ከሆነ የሚያገኙት ልዩነት ሌብነት ላይሆን ይችላል። ወራዊ መረጃ ጠይቀው በእኩል ወራት ያስተያዩ። በዚያ ላይ ላኪው አገር አብዛኛውን ጊዜ በወደብ ዋጋ ይመዘግባል፣ ተቀባዩ የመርከብና የኢንሹራንስ ወጪ ጨምሮ፤ ስለዚህ ከዋጋው ይልቅ ኪሎውን ማነጻጸር ይሻላል።

ሰዓትም አይርሱ። በትራፊክ አደጋ መዝገብ ላይ «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለው ለማክሰኞ አጥቢያ ነው ወይስ ለሰኞ አጥቢያ? መዝጋቢውን ሳይጠይቁ በሰዓትና በዕለት የተከፋፈለ ግራፍ አይሥሩ።

አንድ ሰው ወይም አንድ ቦታ በብዙ አጻጻፍ ይመጣል። እንዴት አገናኛለሁ?

ለሰው ዓይን ጎንደርና ጐንደር፣ ሐረርና ሀረር፣ ፀሐይና ጸሀይ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ፍጹም ልዩ ናቸው። ስለዚህ ከዋናው ዓምድ አጠገብ «ማገናኛ ስም» የሚል አዲስ ዓምድ ይክፈቱና ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ይመልሱ፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ከነሙሉ ቤተሰባቸው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ዓንና ኣን ወደ አ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ፣ ቈን ወደ ቆ። ይህ የተስተካከለ ስም ለማገናኘት ብቻ ነው፤ ለኅትመት ባለቤቱ የሚጽፍበትን ይጠቀሙ።

ቀጥሎ ምሕጻረ ቃላት፦ ገ/መድኅን፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ሮ። በሰው ስም ላይ «ገ/» ገብረ ነው፣ «ኃ/» ኃይለ ነው ብለው በጅምላ ሊተኩ ይችላሉ፤ «ወ/» ግን ወልደ ሊሆን ወይም ወለተ ሊሆን ይችላል፤ በእጅ ይዩት። ማዕረጉን፣ ነጥቡንና ድርብ ክፍት ቦታውን ያውጡ። «ኃይለ ማርያም» ተነጣጥሎ ሲጻፍ የአባት ስም ዓምድ ውስጥ «ማርያም» ሊገባ ይችላል።

በጽዳቱ ላይ ኦፕንሪፋይን የሚባለው ነጻ መሣሪያ ተመሳሳይ ቃላትን ይሰበስባል፤ ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ መሆኑን ግን አያውቅም። ለዚያ የድሮና የአዲስ ስም ሠንጠረዥ ራስዎ ይሥሩ።

ስም ከስም ገጠመ ማለት ሰው ከሰው ገጠመ ማለት አይደለም። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር ስምና የአባት ስም ተመሳስለው በአንድ ከተማ ብዙ ሰው አለ። ቢያንስ የአያት ስም፣ ከዚያም የልደት ዓመት፣ አድራሻ ወይም የግብር ከፋይ ቁጥር ካልተጨመረ የሰው ስም አያትሙ።

የአሥር ዓመት ቁጥር ማነጻጸር እችላለሁ?

ወሰኑን ካረጋገጡ። ከ2012 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የደቡብ ክልል ተከፍሎ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ሆኗል። በ2010 «ደቡብ» የተባለውን በ2016 ከሚመስለው ጋር ማነጻጸር ውድቀት ያልሆነውን ውድቀት ያስመስላል። መረጃውን በዞን ወይም በወረዳ ይያዙና ወደ ላይ ራስዎ ይደምሩ። ሚኒስቴሮችም በ2014ቱ አዋጅ ቁጥር 1263 ተዋህደዋል፣ ተከፋፍለዋል፤ የኦዲት ግኝት በዓመታት ሲያነጻጽሩ ይህን ያስቡ።

ብርም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ የበጀት «እጥፍ ማደግ» በብር እንጂ በሚገዛው ነገር ላይሆን ይችላል። በነፍስ ወከፍ ሲያካፍሉ ደግሞ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999ኙ መሆኑን አይርሱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው፤ ይህንኑ ለአንባቢው ይንገሩት።

በመቶኛ ላይ የሚሠራው ስህተት የቱ ነው?

ከሁሉ የሚበዛው «የዋጋ ንረት ቀነሰ»ን «ዋጋ ቀነሰ» ብሎ መጻፍ ነው። ንረቱ ከ30 በመቶ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፤ የጨመረበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። 100 ብር የነበረው በመጀመሪያው ዓመት 130፣ በሁለተኛው 156 ይሆናል። ከ30 ወደ 20 መውረድም የ10 የመቶኛ ነጥብ ቅናሽ እንጂ የ10 በመቶ ቅናሽ አይደለም።

አማካይም ያታልላል። አምስት ሠራተኞች 5 ሺህ፣ 5 ሺህ፣ 6 ሺህ፣ 7 ሺህና 77 ሺህ ብር ቢከፈላቸው አማካዩ 20 ሺህ ነው፤ ይህን የሚያገኝ ግን አንድም ሰው የለም። መካከለኛው 6 ሺህ ነው።

መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲሰጠኝ እንዴት ልጠይቅ?

መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ መረጃ የማግኘትን መብት የሚደነግገው ክፍሉ የመልስ ጊዜ 30 ቀን አድርጎ አስቀምጧል። ከተከለከሉ አቤቱታው ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ቀጥሎ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። ማመልከቻው በጽሑፍ ይሁን፤ የገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያስመቱበት።

ደብዳቤው ላይ «ስለ መንገድ ግንባታ መረጃ» ብለው አይጻፉ። የትኛውን ዓመት፣ የትኛውን መዝገብ፣ የትኞቹን ዓምዶች እንደሚፈልጉ ይዘርዝሩ፤ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ እንዲሆን ይጠይቁ፤ የኮዶቹን መፍቻም አይርሱ፤ «ዓይነት 3» የሚል ዓምድ ያለ መፍቻ ዋጋ የለውም። ከማመልከቻው በፊት መዝገቡን በእጁ የሚሞላውን ሠራተኛ ማግኘት ከኃላፊው ጋር አሥር ጊዜ ከመቀመጥ ይሻላል። ዓምዶቹን በስማቸው የሚያውቃቸው እሱ ነው።

ከድረ ገጽ በኮድ መረጃ መሰብሰብ ይፈቀዳል?

ያለ ይለፍ ቃል ለሁሉም የተከፈተ ገጽን ማንበብና የተዘጋን መክፈት የተለያዩ ናቸው። ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ የገጹን አድራሻ ቁጥር በመቀያየር የተደበቀ ፋይል መክፈትም እዚያ ሊያደርስ ስለሚችል መጀመሪያ ጠበቃ ያማክሩ።

በተከፈተው ገጽ ላይ ደግሞ ጨዋነት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ጥያቄ መካከል ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ያርፉ፤ ደካማ የመንግሥት ድረ ገጽ በፈጣን ኮድ ይወድቃል። እያንዳንዱን ገጽ መጀመሪያ እንዳለ ያስቀምጡ፣ ቁጥሩን ከተቀመጠው ያውጡ። ገጹ ነገ ቢጠፋም፣ ኮድዎ ስህተት ቢኖረውም እንደገና ድረ ገጹን ማንኳኳት አያስፈልግም።

እንደ «ፓናማ ፔፐርስ» ያለ ግዙፍ ሰነድ እንዴት ነው የሚነበበው?

አይነበብም፤ ይፈለጋል። ፓናማ ፔፐርስ ከአንድ የፓናማ የሕግ ድርጅት ሾልኮ የወጣ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ፣ 2.6 ቴራባይት ነበር። መጀመሪያ ምስሎቹ ሁሉ በፊደል ለቃሚ ወደ ጽሑፍ ተቀየሩ፤ ቀጥሎ እንደ ጉግል የሚፈለግበት የውስጥ መፈለጊያ ተሠራ፤ ከዚያ ሰዎች፣ ኩባንያዎችና አድራሻዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ኒዮ4ጄ የተባለ የግንኙነት ዳታቤዝ ተዘጋጀ። ከ370 በላይ ጋዜጠኞች የየአገራቸውን የፖለቲከኞች ስም ዝርዝር ይዘው ፈለጉበት። ዘዴው በ500 የተቃኙ ፒዲኤፎችም ላይ ይሠራል፦ ጽሑፍ ማድረግ፣ መፈለጊያ መሥራት፣ የስም ዝርዝር ይዞ መግባት።

ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይህን ሁሉ አይሠራልኝም?

ኮድ ለመጻፍና ስህተት ለማግኘት በጣም ይረዳል። ከተቃኘ የአማርኛ ገጽ ቁጥር እንዲያወጣ ሲጠየቅ ግን ያላነበበውን ሴል በሚመስል ቁጥር ይሞላል፤ ፊደል ለቃሚ ሲሳሳት ያስታውቅበታል፣ ይህ ግን አያስታውቅም። ከተጠቀሙበት 100 ረድፎችን በዕጣ መርጠው ከዋናው ገጽ ጋር በዓይን ያስተያዩ። ምንጭ የሚያጋልጥ ሰነድም ለማንኛውም የኢንተርኔት አገልግሎት አይስጡ።

ከመታተሙ በፊት ምን ይረጋገጥ?

ሥራውን ያልሠራ ሰው ከጥሬው ፋይል ተነስቶ እዚያው ቁጥር ላይ ይድረስ። ሁለት የሃርቫርድ ኢኮኖሚስቶች ስለ መንግሥታት ዕዳ በ2010 ያወጡት ጥናት ላይ የኤክሴሉ ቀመር አምስት አገሮችን ዘልሎ እንደነበር የታወቀው በ2013 አንድ ተማሪ ፋይሉን አግኝቶ ከመጀመሪያው ሲደግመው ነው።

ከዚያ ውጤቱን የሚመለከተው አካል ይየው። ሙሉውን ዘገባ ሳይሆን ቁጥሩንና የተሰላበትን መንገድ ይላኩ፤ «የትኛው ረድፍ ነው የተሳሳተው?» ብለው ይጠይቁ። የጥቂት ሰዎች መረጃ ላይ ይጠንቀቁ። በአንዲት ቀበሌ «2 ሰዎች» ተብሎ ስለ በሽታ ከተጻፈ ጎረቤት ሁሉ ማንነታቸውን ያውቃል። ከ5 በታች የሆነውን ከሌላ ጋር ያዋህዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም ያስታውሱ።

ግራፍና ካርታ ላይስ?

አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ በስልክ፣ ብዙ ጊዜም በቴሌግራም ነው የሚያየው። ግራፉ ብቻውን ተቆርጦ ይዞራልና ምንጩ፣ ቀኑና የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምስሉ ውስጥ ይጻፍ። ስልክ ላይ አሥር አግዳሚ ዘንግ ይነበባል፣ ሠላሳ አይነበብም። ካርታ ሁልጊዜ አያስፈልግም፦ ሰፋፊዎቹ የቆላ አካባቢዎች ዓይን ይስባሉ፣ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት አዲስ አበባ ነጥብ ትሆናለች።

ከታተመ በኋላ ስህተት ቢገኝስ?

ቁጥሩን ያርሙ፣ ምን እንደነበረና ምን እንደሆነ ከነቀኑ ከዘገባው አናት ላይ ይጻፉ፣ የተስተካከለውንም ፋይል ያያይዙ። ኮዱ ካለ ቀመሩን አርሞ ሁሉንም ቁጥር እንደገና ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ምስል ግን ማጥፋት አይበቃም፤ ቀድሞ የተላለፈው በየቡድኑ አለ። በዚያው ቻናል፣ በዚያው መጠን፣ «የታረመ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን አዲስ ምስል ይልቀቁ።